ድንጋይ የማይፈልገው ሬዲዮ

ስለ ክሪስታል ሬዲዮ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አንዲት አባባል እጠብቃለሁ፤ ቀርታ አታውቅም። የልጆች የሳይንስ መጽሐፍ ይሁን፣ የጦር ሜዳ ትዝታ ይሁን፣ ልቦለድ ይሁን፣ የሆነ ገጽ ላይ ብቅ ትላለች። ባትሪ የማይፈልግ፣ መብራት የማይፈልግ፣ በነፃ የሚሠራ ሬዲዮ ትለዋለች። ከዚያ አድናቆቱ ይከተላል። ድሃው ልጅ ከቆሻሻ በለቀመው ሽቦ የዓለምን ድምፅ ሰማ። ወታደሩ በአሮጌ ምላጭና በመርፌ ቁልፍ ምሽጉ ውስጥ ሆኖ ሙዚቃ አዳመጠ። አንባቢው ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ጠቤ ከዚች አባባል ጋር ነው። ውሸት ናት አልልም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትናገረው፤ ያስቀረችው ግማሽ ደግሞ ዋናው ይመስለኛል።

ከራሴ ልጀምር። አባቴ አስተማሪ ነበር። በደርግ ዘመን፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ በር ዘግቶ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ አጭር ሞገድ ያዳምጣል። አንዳንድ ቀን የዶቼ ቬለን አማርኛ፣ አንዳንድ ቀን የአሜሪካ ድምፅን። ድምፁ እየራቀ እየቀረበ፣ በፉጨትና በሚንሿሿ ነገር መሃል ነው የሚመጣው። ትልቁ ችግር ግን ድንጋይ ነበር። የዛሬ ልጆች ባትሪ ይሉታል፤ እኛ ቤት የሬዲዮ ድንጋይ ነው የሚባለው። ድንጋይ ውድ ነበር፣ ሲጠፋም ይጠፋል። ሲደክም አባቴ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እሱም ትንሽ ነፍስ ዘርቶ አንድ ሁለት ሌሊት ያሰማዋል። ከዚያ ቤቱ ዝም ይላል፣ አባቴም አብሮ ዝም ይላል።

ድንጋይ የማይፈልግ ሬዲዮ እንዳለ ከአንድ የሳይንስ መጽሐፍ ያነበብኩት በዚያን ጊዜ ነው። አባቴን ከድንጋይ ወጪ የማሳርፈው መሰለኝ። የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ከተበላሸ ሬዲዮ ነቅሎ አንዲት የጀርማኒየም ዳዮድና አንዲት የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ስንት ልክፈል?» ብለው «ከሠራች መጥተህ ንገረኝ» አለኝ። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ቀጭን ሽቦ ፈትቼ በካርቶን ቱቦ ላይ ጠቀለልኩ። ከጣሪያችን እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ሌላ ሽቦ ዘረጋሁ፤ የመሬቱን ሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር አሰርኩ። የጥቅልሉን ሽፋን በመስመር ፍቄ የሽቦ ጫፍ አንሸራተትኩበት። ሰው አወራ! ያለ ድንጋይ፣ ያለ መብራት፣ ጥርት ያለ የሰው ድምፅ። የመንግሥት ሬዲዮ ነበር፤ ዜና ያነባል።

አባቴን ጠራሁት። ማዳመጫዋን ጆሮው ውስጥ አድርጎ ረጅም ጊዜ ሰማ። ከዚያ «ሌላስ?» አለኝ። የሽቦውን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር አንሸራተትኩ። ያው ሰውዬ፣ ያው ዜና፤ አንዴ ጎላ፣ አንዴ ቀነስ ብሎ።

«ሌላ የለም» አልኩት።

ሳቀ። «ልጄ፣ ይኼንንማ ሳልፈልግም እሰማዋለሁ፤ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ያሰማኝ የለ! ድንጋይ የምገዛው ሌላውን ልስማ ብዬ ነው።»

በወቅቱ ቅር አለኝ። ዛሬ ግን ስለ ክሪስታል ሬዲዮ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል ትችት አላገኘሁም። ትችቱ እንዲገባ መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ማሰራጫ ጣቢያ ኃይል ወደ አየር ይረጫል። አንቴናችን ያቺን በርቀት የሳሳች ኃይል ይቀበላል፤ ጥቅልሉ ሽቦ ከብዙ ሞገዶች አንዱን ለማስበለጥ ይሞክራል። ይህ ሞገድ በመካከለኛው የሬዲዮ ክልል በሰከንድ ከአምስት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል፤ የሰውየው ድምፅ የተሳፈረው በውዝዋዜው ከፍታና ዝቅታ ላይ ነው። ማዳመጫው ግን ይህን ፍጥነት ሊከተል አይችልም። ወደፊት የተገፋው ወደኋላ በተሳበው ይጣፋል፤ ድምሩ ዜሮ፣ ጆሮ የሚሰማውም ዝምታ ነው። ድንጋዩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኮረንቲውን በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ በሌላው ይከለክላል። ግማሹ ሲቀር የቀረው አይጣፋም፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ልክ የማዳመጫዋን ስስ ሽፋን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅም ይሆናል። የክሪስታል ሬዲዮ ምሥጢር ይኸው ነው።

ድንጋዩ ጋሌና ይባላል፤ የእርሳስና የድኝ ውሑድ ነው። የጥንት ግብፃውያን ፈጭተው ዓይናቸውን ይኳሉበት ነበር። ጀርመናዊው ፌርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1874 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያሉ ማዕድናት ኮረንቲን በሁለቱ አቅጣጫ እኩል እንደማያሳልፉ አስተዋለ። በካልካታ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ጋሌናን ለሬዲዮ ሞገድ መቀበያ አደረገው፤ በ1901 ያመለከተበትን የአሜሪካ ፓተንት በ1904 አገኘ። አሜሪካዊው ግሪንሊፍ ፒካርድ በ1906 በሲሊከን ሠራው። በኋላ እያንዳንዱ አድማጭ በድንጋዩ ፊት ላይ ቀጭን ሽቦ እየነካካ የምትሰማ ነጥብ ይፈልግ ጀመር፤ እንግሊዞች ሽቦዋን የድመት ጢም ይሏታል። ጠረጴዛውን ሰው ከነካው ነጥቧ ትጠፋለች፣ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። እኔ የተሰጠኝ ዳዮድ የዚያ ሁሉ ነገር የልጅ ልጅ ነው፤ ነጥቧን ፋብሪካው ፈልጎ መስታወት ውስጥ አሽጓታል።

አሁን ወደዚያች አባባል ልመለስ። በዚህ ሁሉ መሃል ድንጋዩ አንዳች ኃይል አልጨመረም። አንድ አቅጣጫ ዘጋ እንጂ አላጎላም። ጆሮዬን ያንቀሳቀሰው ኃይል በሙሉ ከጣቢያው የመጣ ነው፤ ሬዲዮዬ የበላችው የጣቢያውን መብራት ነው። እናም ክሪስታል ሬዲዮ ያለ ኃይል አይሠራም፤ በሌላ ሰው ኃይል ነው የሚሠራ። ወጪው አልቀረም፣ ከአድማጩ ወደ ተናጋሪው ዞረ። ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው፤ በነፃ የሚሰማ ጆሮ የሚሰማው ቅርብ ያለውንና ጉልበት ያለውን ነው። ደካማው ጣቢያ፣ ሩቁ ጣቢያ፣ የተከለከለው ጣቢያ ሽፋኗን የሚያንቀሳቅስ አቅም ይዞ አይደርስም። ቢደርስም ጎረቤቱ ይውጠዋል፤ ቀላል ጥቅልል ሽቦ አንዱን ከሌላው አጥርቶ መለየት አይሆንለትምና። ያው ሰውዬ፣ ያው ዜና ያልኩት ይኼንን ነው።

ታሪኩ ሲተረክ ይህ ጎን ለምን እንደሚቀር አላውቅም እንጂ፣ ጣቢያዎቹ ራሳቸው አሳምረው ያውቁት ነበር። ቢቢሲ በ1922 ሥራ ሲጀምር ብዙ እንግሊዛዊ የሚያዳምጠው በክሪስታል ሬዲዮ ነው። በነፃም አልነበረም፤ በዓመት አሥር ሽልንግ የፈቃድ ክፍያ ነበረው። ከጣቢያ የራቀ ገጠር ያለ ሰው ግን ከፍሎም ቢሆን አይሰማም። በሐምሌ 1925 ዳቬንትሪ ላይ 25 ኪሎዋት የረጅም ሞገድ ማሰራጫ ተተከለ። ከአሳቦቹ አንዱ ክሪስታል ሬዲዮ ብቻ ያለው ሰው ከሩቅም እንዲሰማ ነው። ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ። አድማጩ አቅም ከሌለው ተናጋሪው ይበርታ የሚል ነውና፤ የሕዝብ አገልግሎት ማለትም ይኼ ነው።

ግን ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1926፣ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። ለዘጠኝ ቀን ጋዜጦች ከሞላ ጎደል ቆሙ፤ አገሩ በሬዲዮ ላይ ወደቀ። የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ራምሴ ማክዶናልድ በቢቢሲ እንዲናገር አልተፈቀደለትም። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የእርቅ ጥሪም መጀመሪያ ተከልክሎ ቆይቶ ነው የተላለፈው። ክሪስታል ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ያደረገ የማዕድን ሠራተኛ ምን ያድርግ? ሌላስ? ቢል ሌላ የለም። አንዱ ድምፅ እሱ ዘንድ እንዲደርስ የተከፈለው ደግነት ያው የመታፈኛው መንገድ ሆነ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ያቺ አባባል ግን አንዱንም አታይም።

ይህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ምኑ ነው ለሚል ሰው፣ ብዙዎቻችን ያነበብነውን አንድ ልቦለድ ላንሳ። የአንተኒ ዶር «የማናየው ብርሃን ሁሉ» በ2014 ወጥቶ በ2015 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። እኔም ከወደዱት ነኝ። በጀርመን የድንጋይ ከሰል አገር፣ በኤሰን ከተማ ዞልፌራይን በተባለው ሰፈር፣ ወርነር የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ከቆሻሻ መሃል የተበላሸ ሬዲዮ ያገኛል። ጥቅልል ሽቦ፣ የተንጠለጠሉ ገመዶች፣ አንዲት የጆሮ ማዳመጫ፤ እኔ ያነበብኩት የክሪስታል ሬዲዮ ዘመድ አድርጌ ነው። ይጠግነዋል፣ እያደር ያሻሽለዋል። ማታ ማታ ከእህቱ ከዩታ ጋር አንድ ፈረንሳዊ ለልጆች ስለ ሳይንስ ሲያወራ ይሰማሉ። ድምፁ የሚመጣው ከሳን ማሎ ከተማ፣ ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ነው። ኤትየን የሚባል ሰው የሞተ ወንድሙን ድምፅ ከሸክላ እያጫወተ ያስተላልፋል። ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ።

ሆኖም የአባቴ ልጅ ነኝና ካርታ አወጣሁ። ከሳን ማሎ እስከ ኤሰን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አይሰማም አልልም፤ መካከለኛና ረጅም ሞገድ በሌሊት ሩቅ ይሄዳል፣ ጥሩ አንቴና ያለው ሰው ያልጠበቀውን የሚሰማበት ሌሊት አለ። ችግሩ ቅርብ ያለው ነው። ከዞልፌራይን ሃያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ላንገንበርግ በሚባል ቦታ፣ ከ1927 ጀምሮ ለምዕራብ ጀርመን የተተከለ ኃይለኛ ማሰራጫ ቆሟል። ከ1933 በኋላ የዚያ ማሰራጫ አፍ የናዚዎቹ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ነው። በዞልፌራይን አንድ ልጅ ከሽቦና ከማዳመጫ ሬዲዮ ቢሠራ ቀድሞ የሚሰማው፣ ምናልባትም ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው፣ ላንገንበርግን ነው።

ልቦለድን በኪሎ ሜትር መለካት ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም። ነቅፌ የማነሳው የርቀቱን ስህተት አይደለም። መጽሐፉ ሁለት ሬዲዮዎች አሉት። አንዱ በልጅ እጅ የተጠገነው ነው፤ በእሱ የሚመጣው የውጭው፣ የነፃው፣ የሩቁ ድምፅ ነው። ሌላው በ1933 በ76 ራይኽስማርክ ለገበያ የወጣው ፎልክስኤምፕፌንገር፣ የሕዝብ መቀበያ የተባለው ነው፤ በእሱ የሚመጣው የመንግሥት ጩኸት ነው። ድሃው ዕቃ ንጹሕ፣ የፋብሪካው ዕቃ ርኩስ። ሲነበብ ደስ ይላል፤ ነገሩ ግን ወደ ተቃራኒው ያደላል። ለቅርቡ ጉልበተኛ ይበልጥ የሚገዛው ቀላሉ ሬዲዮ ነው። ፎልክስኤምፕፌንገር ርካሽ ቢሆንም የማጉያ ቱቦ ነበረው፤ ማታ ማታ በደህና አንቴና የውጭ ጣቢያ ይሰማበት ነበር። ይህ ባይሆን ኖሮ ጦርነቱ በጀመረበት በመስከረም 1939 የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥን የሚከለክል ሕግ ባላስፈለገ! የሰሙትን ማውራት እስከ ሞት የሚያስቀጣ ሕግ ነበር።

ለዶር ፍትሐዊ ልሁን። ሬዲዮ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ወርነር ዩታ የሰማችው ሲያስፈራው ያንን ሬዲዮ ራሱ ይሰባብረዋል፤ ቆይቶም ዕውቀቱ የተደበቁ ማሰራጫዎችን አድኖ ሰው ማስገደያ ይሆናል። ይህ ጠንካራ ነው። ቢሆንም የልጅነቱ ሬዲዮ ንጹሕ ሆና ትቀራለች፤ ክፋቱ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ነው። እኔ ብጽፈው ኖሮ በዚያች በመጀመሪያዋ ሌሊት ሽቦውን ሲያንሸራትት ላንገንበርግን አሰማው ነበር። ጥርት ያለ ድምፅ፣ በነፃ። ልጁም ደስ ይለው ነበር፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

የጦር ሜዳው ታሪክም ከዚህ አያመልጥም። በ1944 ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ላይ የተከበቡ የአሜሪካ ወታደሮች ከምላጭ፣ ከመርፌ ቁልፍና ከመጻፊያ እርሳስ ፍም ሬዲዮ ሠሩ። በምላጩ ፊት ላይ ያለው ኦክሳይድ የጋሌናን ሥራ ይሠራል። ብልሃቱ እውነት ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ግን ምን ሰሙ? ሮም ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው፣ ያኔ ገና በጀርመኖች እጅ ናት። ከሚሰሙት መሃል ከዚያ የሚተላለፈው የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነበረበት፤ በደስ የሚል ዘፈን ተጠቅልሎ። ወታደሮቹ ዘፈኑን ወስደው ወሬውን ይተዉት ነበር ይባላል። ይህን ማድረግ የጆሮ እንጂ የምላጭ ችሎታ አይደለም።

አንድ ሰው ልጨምር፣ ሩስያዊው ኦሌግ ሎሴቭ። በ1922፣ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ አንድ ዓይነት ክሪስታል ትንሽ የባትሪ ኃይል ሲሰጠው ሞገዱን እንደሚያጎላ አገኘ። ትራንዚስተር ሊፈጠር ሃያ አምስት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በ1942 በተከበበችው ሌኒንግራድ በረሃብ ሞተ። የሎሴቭ ታሪክ ሁሌም የሚተረከው ዓለም ያልሰማው ሊቅ ተብሎ ነው፤ ልክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ ሩቅ እንዲሰማ ሎሴቭ ያደረገው ባትሪ ማገናኘት ነው። ሩቅ መስማት ከፈለግህ ከራስህ የሆነ ነገር ታወጣለህ። አባቴም ያለው ይኼንን ነበር።

ታዲያ ክሪስታል ሬዲዮን ልንጥለው ነው? የለም። ለልጅ ከዚህ የተሻለ የሬዲዮ ትምህርት አላውቅም። ሁሉ ነገሩ ይታያል፤ የተደበቀ ሳጥን የለውም። ከራሱም አይጨምርም፤ ጣቢያው የላከውን ያህል ብቻ ይሰጣል፣ ደካማውን ደካማ አድርጎ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። በነፃ ሰማሁ የሚል ታሪክ ስናነብ ወይም ስንጽፍ፣ ወጪውን ማን ቻለው፣ በዚያ ምክንያትስ ምን ሳይሰማ ቀረ ብለን እንጠይቅ። ታሪኩ ይህን ጥያቄ ከቻለ ጥሩ ታሪክ ነው። ካልቻለ ማስታወቂያ ነው።

የእኔ ሬዲዮ ዕድሜዋ አጭር ነበር። አባቴ በሳቀ ማግስት ማታ «ያ ጣሪያ ላይ የዘረጋኸው ሽቦ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ጫፉን አምጥቶ በራሱ ሬዲዮ አንቴና ላይ ጠመጠመው። ፉጨቱ ቀነሰ፤ ከዋሽንግተን የሚያወራው ሰውዬ ጎረቤት ያለ መሰለ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሽቦ ከመንገድ ይታያል፣ የሚያይ ሰው ደግሞ ሞልቷል። እናም ሲመሽ ባሕር ዛፉ ላይ ወጥቼ እዘረጋለሁ፣ ሳይነጋ እጠቀልላለሁ።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ሄጄ «ሠርታለች» አልኩት። ምን ሰማህ አላለኝም። ከመደርደሪያው ሁለት ያገለገሉ ድንጋዮች አንስቶ ሰጠኝና «ለአባትህ» አለኝ።